በስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክት፦ የልጆች ጣቢያን ታሪክ ከአሮጌ ካሴት ማውጣት

ደሴ ፒያሳ ባለችው የጥገና ሱቄ፣ ከመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ ላይ 116 የቪዲዮ ካሴቶች ተደርድረዋል። ግማሾቹ ደንበኞቼ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ሊያስጠግኑ መጥተው ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። የቀሩትን ጅዳ ትሠራ የነበረችው አክስቴ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገደኛ እጅ የላከችልን ናቸው። እኔ ያኔ 15 ዓመቴ ነበር፤ እህቴ 6። አክስቴ ከዲሽ የሚወርደውን የልጆች ፕሮግራም ትቀዳና ካሴቱን በፎጣ ጠቅልላ ከቴምርና ከሽቶ ጋር ትልክልን ነበር።

ልጆች ካርቱኑን ያያሉ። እኔ ዛሬ የማየው በስክሪኑ ጥግ የምትቆመውን ትንሽ የጣቢያ ምልክት ነው። ያቺ ምልክት ማኅተም ናት፤ ካሴቱ ከመቼ ወዲህ እንደተቀዳ ትመሰክራለች። እሷን ማንበብ የቻለ ሰው አንድ የልጆች ጣቢያ መቼ እንደተወለደ፣ መቼ ልብስ እንደለወጠ፣ መቼ ስሙን እንደቀየረ ከካሴት ላይ መጻፍ ይችላል። በዚያው እግረ መንገዱን የራሱ ቤት ቀኖችም ይገለጡለታል። ሥራውን እኔ እንደምሠራው አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ካሴቱ ይዳን

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉን ተመልከቱ። በጥቁሩ ፊልም ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና አታጫውቱት። አንድ የሻገተ ካሴት ዴኩን ይበክላል፤ ዴኩ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴት ይበክላል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ካሴት ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ላብም አለ። ከደሴ ብርድ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የገባ ካሴት ያልበዋል፤ እርጥቡ ፊልም ምስሉን በሚያነበው፣ በሚሽከረከረው ሄድ ላይ ተጣብቆ ይቀደዳል። ግማሽ ቀን ከነማቀፊያው አሳርፉት። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ አጠንጥኑት። ዓመታት የቆመ ጥቅልል እንዲህ ሲፈታና ሲጠቀለል ውጥረቱ ይስተካከላል። ዴኩን ደግሞ ቢበላሽ በማያሳዝናችሁ ካሴት ፈትኑ፤ ማንም የእናቱን ሰርግ ይዞ ያልታወቀ ዴክ አይፈትንም።

ምስሉ በበረዶ ከተሸፈነ ብዙ ጊዜ ሄዱ ቆሽሾ ነው። ለስላሳ ቆዳ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሳችሁ ከሄዱ ጎን ያዙ፤ እጃችሁ አይንቀሳቀስ፤ በሌላው እጃችሁ ሄዱ የተተከለበትን ከበሮ በቀስታ አዙሩት። ወደላይና ወደታች የፈተገ ሰው ሄዱን ይሰብራል። ሰብረው የመጡ ብዙዎችን ተቀብያለሁ።

ከሳዑዲ የመጣ ካሴት በጥቁርና ነጭ ብቻ ቢታይ አትደንግጡ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመችው ሴካም የተባለውን የቀለም ሥርዓት ነበር፤ የእኛ አገር ፓል ነው። ከዴኩ ጀርባ ወይም ከማውጫው ውስጥ ሜሴካም የሚል ምርጫ ካለ ወደዚያ አዙሩት፤ ቀለሙ ይመለሳል። አንድ ደንበኛዬ ቀለሙ የጠፋ መስሎት ሦስት ካሴት ሊጥል ነበር።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር። ከካሴቱ ጀርባ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ስበሯት። እሷ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ ላይ አይቀዳም። ይህን የምለው ስላልሰበርኩ ነው። አክስቴ ከላከቻቸው ካሴቶች በአንደኛው ላይ የአሠሪዎቿን ካሜራ ተውሳ ለእናቴና ለእኛ ሰላምታ ቀርጻ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ሰኔ፣ በጃፓንና በኮሪያ የዓለም ዋንጫ ጊዜ፣ ባዶ ካሴት አጣሁና በዚያ ካሴት ላይ ጨዋታ ቀዳሁበት። ከሰላምታዋ የቀረው 2 ደቂቃ ነው። አክስቴ አሁን በሕይወት የለችም።

ሲገለበጥ ምንም አይቆረጥ

ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡበት በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ምስሉን በ720 በ576 ነጥብ፣ በሴኮንድ 25 ክፈፍ (ፍሬም) ያዙ፤ የፓል ልክ እሱ ነው። ጠርዙን አትቁረጡ። ድሮ ቴሌቪዥናችን የምስሉን ዳር ዳር ይደብቅ ስለነበር በኮምፒውተር ስታዩት ከታች የሚንቀጠቀጥ መስመር ይታያችኋል፤ ያስቀይማል ብላችሁ ብትቆርጡት ምልክቱ ከጠርዝ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ የምትለኩበትን ታጣላችሁ።

ፊልሙ አለቀ ብላችሁም አታቁሙ። በተለመደው ፍጥነት 3 ሰዓት የሚሄድ ካሴት ከሆነ 3ቱንም ሰዓት ገልብጡ። ዋናው ሀብት ያለው ጭራው ላይ ነው። ካሴት ደጋግሞ ይቀዳበት ነበርና አዲሱ ቀረጻ ሲያበቃ የድሮው ከመሐሉ ብቅ ይላል፦ ግማሽ ካርቱን፣ በሁለት ፕሮግራም መካከል የሚገባ መሸጋገሪያ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ማስታወቂያ። መሸጋገሪያው ከካርቱኑ ይበልጣል። ካርቱን ለዓመታት ይደጋገማል፤ መሸጋገሪያ ግን ጣቢያው መልኩን ሲለውጥ አብሮ ይጣላል።

መብራት ሲቋረጥ ዴኩ ፊልሙን በሄዱ ዙሪያ እንደጠመጠመ ይቆማል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ካላችሁ ዴኩንም ኮምፒውተሩንም በእሱ ላይ ሰኩ፤ ከሌላችሁ መብራት በማይረበሽበት ሰዓት፣ በሌሊት ሥሩ።

ጥጉን ማንበብ

በቪኤልሲ ማጫወቻ የእንግሊዝኛውን ‹ኢ› ፊደል ስትጫኑ ምስሉ ክፈፍ በክፈፍ ይሄዳል። ምልክቷን አግኝታችሁ አራት ነገር ጻፉ፦ በየትኛው ጥግ እንደቆመች፣ ቀለሟን፣ ከኋላዋ ያለው ምስል የሚያሳልፍባት ወይም የማያሳልፍባት መሆኑን፣ እና የምስሉ ቅርጽ አራት ማዕዘኑ የድሮው ይሁን ሰፊው። ጣቢያዎች ወደ ሰፊው ምስል ሲሸጋገሩ ምልክታቸውን ወደ ዳር ስለገፉት ቦታዋ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ብዙ ጊዜ ግን ምልክቷ ደብዝዛ አትነበብም። ያኔ የምጠቀምበት ዘዴ አለ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ሲሠራ ሳየው ግን እንደ ልጅ ዘለልኩ። ካርቱኑ ይንቀሳቀሳል፤ ምልክቷ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ከተለያየ ትዕይንት 8 ክፈፎች አንሡና ጊምፕ በተባለው ነጻ የምስል ማስተካከያ ውስጥ አንዱን በሌላው ላይ ደርቧቸው። የታችኛው ድፍንነቱ (ኦፓሲቲ የሚለው) 100 በመቶ ይሁን፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 33፣ አራተኛው 25፤ እንዲህ 100ን ለተራ ቁጥሩ እያካፈላችሁ ውጡ። የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ተደባልቆ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል፤ የማትንቀሳቀሰው ምልክት ከጭጋጉ ውስጥ ጠርታ ትወጣለች። 8 ካልበቃ 16 አድርጉት።

ምልክት የሌለበት ካሴት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ወይ የያዛችሁት ክፍል ማስታወቂያ ነው፤ ብዙ ጣቢያዎች በማስታወቂያ ሰዓት ምልክታቸውን ያነሣሉ። ከቪዲዮ ቤት የተገለበጠ ካሴት ከሆነ ደግሞ ምልክቷ የምትናገረው ስለ መጀመሪያው ቅጂ ነው፤ ቅጂው ራሱ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ችካሎቹ

ምልክቷ ቀን የምትሰጠው የታወቁ ቀኖች ላይ ስትታሰር ነው። እኔ ችካል እላቸዋለሁ። የጣቢያዎቹ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የቤተሰብ ትዝታ ደግሞ በእኛ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን እየዘነጉ ስንቱ ሰው አንድ ዓመት ያሳስታል! ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

እንደ ምሳሌ የምወስደው ካርቱን ኔትወርክን ነው፤ መልኩን የለወጠባቸው ቀኖች ጥርት ያሉ ናቸውና። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ባለሀብት ቴድ ተርነር ሃና ባርቤራ የተባለውን የካርቱን ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ገዛ፤ በዚያ የካርቱን ክምችት ላይ ቆሞ ጣቢያው ጥቅምት 1 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በእኛ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ የግሸን ማርያም ዕለት! የወሎ ሰው ይህን ቀን ጽፎ መያዝ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ምልክት ስሙን በሙሉ የያዘ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 7 ፊደል በ7 ፊደል ስለሆነ 14 ጥቁርና ነጭ ሣጥኖች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ሰኔ 7 ቀን 1996 ዓ.ም. (ሰኔ 14 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.) ያ ሁሉ ቀርቶ የሁለቱ ቃላት መጀመሪያ ፊደላት ብቻ በሁለት ሣጥን ቀሩ፤ መሸጋገሪያዎቹም የካርቱን ገጸ ባሕርያት በሚኖሩባት ከተማ ውስጥ ሆኑ። ከ6 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 21 ቀን 2002 ዓ.ም. (ግንቦት 29 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.)፣ 14ቱ ሣጥኖች በአዲስ የፊደል ቅርጽ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። 14 ሣጥን አየሁ ብሎ ካሴቱን የ1980ዎቹ ያደርገዋል። አሮጌ ምልክት ሊመለስ ይችላልና መልኩ መመሳሰሉ አይበቃም፤ የፊደሉን አጣጣልና የምስሉን ስፋት አብራችሁ እዩ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ እነዚህ ቀኖች የአሜሪካው ጣቢያ ናቸው። ሌሎቹ አገሮች ልብሳቸውን የለወጡት በየተራቸው ነው። በናይልሳት ያየነው የዓረብኛው ካርቱን ኔትወርክ ራሱ የተወለደው መስከረም 30 ቀን 2003 ዓ.ም. (ጥቅምት 10 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.) ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀዳ ካሴት ላይ ሊገኝ አይችልም።

ኒኬሎዲዮን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በ1977 እ.ኤ.አ. በኦሃዮዋ ኮለምበስ ፒንዊል በሚል ስም ጀመረ፤ በሚያዝያ 1979 እ.ኤ.አ. አሁን ባለው ስሙ ወጣ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክቱ ቅርጹን እንደልቡ ይለዋውጥ ነበር፤ አንዴ የፈሰሰ ቀለም፣ አንዴ ሮኬት፣ አንዴ እንስሳ። የማይለወጠው ብርቱካናማ ቀለሙ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ያ ቀርቶ ስሙ ብቻ በትንንሽ ፊደላት ተጻፈ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የፈሰሰው ቀለም ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በቅርጽ ከፈለጋችሁት ሃያ የተለያየ ጣቢያ ይመስላችኋል። ቀለሙን ተከተሉ።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርቡን የዓረብኛዎቹ ናቸው። ስፔስቱን በ2000 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1992 ዓ.ም.፣ ራሱን የቻለ ጣቢያ ሆነ። ፕሮግራሞቹን በፕላኔቶች ከፋፍሎ ነበር የሚያቀርበው፤ የስፖርት ፕላኔት፣ የሳይንስ ፕላኔት፣ የሴቶች ልጆች ዙሙሩዳ፣ የሕፃናት ቦን ቦን። ወደ ዓረብኛ የሚመለሰው ደማስቆ ውስጥ ነበር፤ የሚናገረውም የመጽሐፍ ዓረብኛ ስለነበር ሸዋ በር አካባቢ ያደጉ ልጆች መድረሳ ሲገቡ ቋንቋው እንግዳ አልሆነባቸውም። እህቴ ዛሬም ስትደነግጥ የሚወጣት ቃል ከዚያ የተማረችው ነው። ኤምቢሲ 3 ኅዳር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ተከተለ። አል ጀዚራ የልጆች ጣቢያ ከዶሃ ጳጉሜን 4 ቀን 1997 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ለሕፃናቱ ባራዕም ጥር 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ወጣ፤ ትልቁ ጣቢያ በ2013 እ.ኤ.አ. ስሙን ጂም ብሎ የዓረብኛዋን ፊደል ምልክቱ አደረገ።

ረመዳን ራሱ ትልቅ ችካል ነው። በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደኋላ ስለሚሸሽ፣ የጾሙን ወይም የዒዱን መልካም ምኞት በካሴት ላይ ካገኛችሁ ዓመቱን ካወቃችሁ ወሩን፣ ወሩን ካወቃችሁ ዓመቱን ታገኛላችሁ።

አንድ ካሴት ከኮምቦልቻ

ይህ ሁሉ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሠራ አንድ ካሴት ላሳያችሁ። አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጡ። በካሴቱ ላይ አባታቸው በቤታቸው ግቢ ዱዓ ሲያደርጉና ልጅ የልጅ ልጃቸውን ሲመርቁ ይታያሉ። እናቲቱ «1996 ነው» ይላሉ፤ ወንድማቸው «1998 ነው» ብሎ ተሟግቷቸዋል። አባታቸው ያረፉት በሰኔ 1998 ዓ.ም. ስለሆነ የመጨረሻው ምርቃታቸው ይህ መሆን አለመሆኑ ነው ልባቸውን የያዘው። «አብሽሩ እናቴ፣ ካሴቱ ራሱ ይነግረናል» አልኳቸው።

ዱዓው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ ካርቱን ከመሐሉ ብቅ አለ፤ ጥጉ ላይ የአል ጀዚራ የልጆች ጣቢያ ስም። ጣቢያው ጳጉሜን 4 ቀን 1997 ከመከፈቱ በፊት ያ ካርቱን ሊቀዳ አይችልም፤ ዱዓው ደግሞ በካርቱኑ ላይ ስለተቀዳ ከካርቱኑ በኋላ ነው። 1996 ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ጣቢያው የረመዳንን መፈጸም ጠቅሶ ለልጆች የዒድ መልካም ምኞት አስተላለፈ። ከጣቢያው መከፈት በኋላ የመጀመሪያው የረመዳን ዒድ ጥቅምት 24 ቀን 1998 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ዱዓው ከጥቅምት 1998 መጨረሻ በኋላ፣ ከሰኔ 1998 በፊት ነው።

ከዚያ በላይ ምልክቷ አትሄድም። እኔ ግን ምስሉን አቁሜ ከአባትየው ኋላ ያለውን ግቢ አሳየኋቸው፤ በሰሌን ላይ የተሰጣ ማሽላ። እናቲቱ አዩትና ዝም አሉ። «ኅዳር ነው» አሉ ቆይተው፤ «ወይም ታኅሣሥ መግቢያ። ማሽላው ያኔ ነው የገባው»። በካሴቱ ወረቀት ላይ ‹ኅዳር ወይም ታኅሣሥ 1998› ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ።

ደብተሩ

ለእያንዳንዱ ካሴት በደብተር አንድ ገጽ ስጡ። የካሴቱ ቁጥር፣ ደቂቃው፣ በጥጉ የታየው፣ ማን እንደቀዳው፣ የት እንደቀዳው። ባለቤቱን ጠይቁ፦ ዲሹ ወደ ናይልሳት ነበር ወይስ ወደ ዓረብሳት? በቤቱ ስንት ልጅ ነበር? አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ገና ለልጆች ተረት ይነግሩ ነበር? እሳቸው ከ1957 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ሠርተው በ1998 ዓ.ም. ነው ያቆሙት፤ ሰው የራሱን ዓመት ቢረሳ እሳቸውን ያየበትን አይረሳም።

ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ የታየ፣ የተነገረ፣ የተገመተ። ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። የተገመተ ነገር ‹የታየ› ተብሎ አንዴ ከተጻፈ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ይገነባል። የተመዘገበው ሲበዛ አንድ የጣቢያ ምልክት መጀመሪያና መጨረሻ የታየባቸውን ካሴቶች በተራ ስታስቀምጡ የጣቢያው ታሪክ ራሱ ይቆማል፤ ሁለት ካሴት የሚጣሉ ከሆነ ‹የተገመተ› የሚለውን መጀመሪያ መርምሩ።

ግልባጩን በሁለት ከተማ አኑሩት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ ሱቄን ቆልፌ ከደሴ ወጣሁ፤ ስመለስ 40 ያህል ካሴቶች አልነበሩም። ይዘታቸው የተረፈው አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ በነበረው ሃርድ ዲስክ ነው። የሌላ ሰው ቤት የሚታይበትን ክፍል ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለማንም አታሳዩ፤ ለጣቢያው ታሪክ የሚያስፈልገው ጥጉና መሸጋገሪያው ብቻ ነው። ካሴቱንም ገለበጥኩት ብላችሁ አትጣሉ፤ ወደ መነሻው አጠንጥናችሁ እንደ መጽሐፍ አቁሙት።

በደብተሬ ውስጥ 23ኛው ካሴት የአክስቴ ነው። 2 ደቂቃዋ ሲያበቃ ካርቱን ከመሐሉ ይቀጥላል፤ በጥጉ የስፔስቱን ምልክት አለች። ስለዚህ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እኔ በላዩ የቀዳሁት በሰኔ 1994 ስለሆነ ከዚያ በፊት ነው። ካርቱኑ ካለቀ በኋላ የዙሙሩዳ ፕላኔት መሸጋገሪያ ለ9 ሴኮንድ ይታያል። ያንኑ መሸጋገሪያ ቀኑ በሚታወቅ ሌላ ካሴት ላይ እስካገኝ ድረስ የቀኑን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ከጎኑ የጻፍኩት ‹በ1992 እና በ1994 መካከል፣ የታየ› የሚለውን ብቻ ነው።